ዲኑ የዳነበት ጠርሙስ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አታድርቁኝ። ብነግራችሁ አታውቁትም፤ ካወቃችሁትም እኔ አልነገርኳችሁም። ኖራ እያቃጠለ የሚኖር አንድ ከተማ አለ በሉና ተከተሉኝ። ቤቱ ነጭ፣ ዛፉ ነጭ፣ የሰዉ ቅንድብ ነጭ። በጋ ሲገባ ነፋሱ ይነሣና የኖራውን ብናኝ ከምድጃው አንሥቶ እስከ መኝታ ቤት ያዳርሰዋል። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ይስላል። ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» አይባባልም፤ «ሳሉ እንዴት አደረ?» ነው የሚባባለው።

እንዲህ ላለ ከተማ መድኃኒት ያስፈልጋልና ከኮረብታው ላይ ዩኒቨርሲቲ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ደግሞ የመድኃኒት ቅመማ ኮሌጅ ቆሞለታል። ኮሌጁ ተማሪ ያስተምራል፤ «እፎይ» የሚባል የሳል ሽሮፕም ያዘጋጃል። በሩ ላይ ባለው ድንጋይ «ያልዳነ አያድንም» ተብሎ ተቀርጿል። የመጀመሪያው ዲን ናቸው አሉ ይህን ያሉት። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲስሉ ኖረው፣ ራሳቸው በቀመሙት እፎይ ድነው፣ ደስ ቢላቸው ተናገሩት። ሰው ደስ ሲለው ስንቱን ይናገራል! የዚያ ከተማ ሰዎች ግን አለቃ የተናገረውን ሁሉ ድንጋይ ላይ የመቅረጽ አመል አለባቸው፤ ድንጋይ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ታሞ በእፎይ ያልዳነ ሰው ዲን ሆኖ አያውቅም።

አንድ ትንሽ ችግር ብቻ አለ። እፎይ አያድንም።

ድሮ ያድን ነበር። ያኔ የሚቀመመው የገደል ሥር ከሚባል መራራ ሥር ነበር። የጠጣው ሰው ፊቱን አጨፍግጎ፣ የቀመሙትን ሰዎች እስከ ሰባት ቤታቸው ረግሞ፣ ሳምንት ሳይሞላው ይድናል። ሁለተኛው ዲን ሲሾሙ ሕዝቡ ተሰልፎ «መረረን!» አላቸው። ሕዝብ ወዳድ ነበሩና ሥሩን ቀንሰው ስኳር ጨመሩ፤ ተጨበጨበላቸው። ሦስተኛው ዲን ከሁለተኛው ላለማነስ ትንሽ ቀነሱ፣ ትንሽ ጨመሩ። አራተኛውም እንዲሁ። አሁን እፎይ የተቃጠለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ነው። ልጆች ዳቦ ያጠቅሱበታል። ከመድኃኒቱ ምሬቱ ሲወጣ ሳሉ ግን ምሬቱን አልተወም።

ታዲያ ሰዉ በምን ይድናል? በማዶ ነዋ! ከወንዙ ወዲያ ያለው አገር የገደል ሥሩን ከዚሁ ከከተማው ገደል እየነቀለ በአህያ ያሻግርና፣ ቀምሞ በጠርሙስ መልሶ ይልከዋል። ስሙንም «ማዶ» ብለውታል። ማዶን በአደባባይ መጠጣት የአገርን ጠርሙስ መናቅ ነው ተብሎ ስለተከለከለ፣ ያገኘ ሁሉ ጓዳው ገብቶ ወደ እፎይ ጠርሙስ እየገለበጠ ይጠጣዋል። ያላገኘ እፎይን ይጠጣል፤ ይስላል።

በዚያ በጋ የኮሌጁ ዲን አረፉ። ሲስሉ ከርመው፣ እየሳሉ ነው የሞቱት። ምስኪን፣ የምራቸውን እፎይ የሚጠጡ ሰው ነበሩ። በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግን «በሙሉ ጤንነት ላይ እንዳሉ በድንገት ተለዩን» ይላል። አንባቢው ራሱ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳል ይዞት ሁለት ጊዜ አቋረጠ።

ሣልስቱ ሳይወጣ የቅጥር ማስታወቂያ ተለጠፈ። «የሥራ መደብ፦ ዲን። ተፈላጊ ችሎታ፦ ረዘም ያለ የሕመም ልምድ፣ በተለይ በሳል። ትምህርት ቢኖር አይጠላም።»

ማስታወቂያውን ቆመው ካነበቡት አንዱ መምህር ወንድይፍራው ነበር። እዚያው ኮሌጅ ቅመማ ሲያስተምር ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሽበት ይሁን ኖራ ይሁን መለየቱ ቢያስቸግርም። የተወለደው ከኖራ ምድጃ ጥግ ነውና ሳሉ አብሮት አድጓል። በወጣትነቱ ከመምህሩ ጋር ሆኖ የመጨረሻውን መራራ እፎይ የቀመመው እሱ ነው፤ ሥሩ ስንት ጊዜ እንደሚወቀጥ፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈላ እጁ ያውቀዋል። ሌላ ምኞት የለውም። ያን ሥር ወደ ጠርሙሱ መመለስ ብቻ ነው የሚፈልገው።

«ዲን ልሆን ነው» አላት ባለቤቱን፣ ጥሩወርቅን፣ ቁርስ ላይ።

«በምን ሳልህ?»

«በራሴ ሳል ነዋ!»

«የአንተንማ ሳል እኔ በማዶ አስተኝቼዋለሁ» አለችው። «ሄደህ ልትቀሰቅሰው ነው?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው ጥሩዬ። ከተሾምኩ ሥሩን እመልሰዋለሁ። አንድ ፊርማ ናት እኮ! ይኼ ሕዝብ ስኳር እየጠጣ እስከ መቼ ይስላል?»

ጥሩወርቅ ምላሷ ቢላ ነው፤ በዚያ ጠዋት ግን ዶለዶመ። «ሕዝቡን ተወውና አንተ ትሞትብኛለህ» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወንድይፍራው ሳቀባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዶን ተወ። ሳሉም እንደ ጠፋ ከብት ቤቱን አስታውሶ መጣ።

መራጩ አካል «አድማጭ ኮሚቴ» ይባላል፤ ሰብሳቢው ሊቀ ጆሮ በለጠ ናቸው። ሊቀ ጆሮ ማዕረግ ነው። እኒህ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደረቅ ሳል ከእርጥብ፣ የድሃ ሳል ከሀብታም ይለያሉ ይባላል። ስለ እሳቸው ከሚወራው በቀር የማይሰሙት ነገር የለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በፈተናው ቀን የኮሌጁ ኮሪደር የሳል ገበያ ሆነ። አንዱ በርበሬ ያሸታል፣ ሌላው ድምፁን ያሟሽ ይመስል ጥግ ይዞ ይለማመዳል። በመጀመሪያ የገባችው ዶክተር ሶስና የምትባል፣ ሩቅ አገር ሄዳ ቅመማ የተማረች ሴት ነበረች። ከያዘችው ሳጥን ውስጥ የገደል ሥርን ከነአፈሩ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ኮሚቴው ሥሩን ሳይሆን እሷን አየ።

«የሕመም ልምድሽ?» አሏት ሊቀ ጆሮው።

«የለኝም። ጤነኛ ነኝ።»

አንድ አባል አንገታቸውን ደፉ፤ አፍረውላት ነው።

«ልጄ» አሉ ሊቀ ጆሮው በርኅራኄ፣ «ትምህርትሽ ያኮራል። ግን እንዲያው ዘለሽ፣ በጤናሽ ዲን ልትሆኚ? ሂጂና ትንሽ ታመሽ ነይ። ገና ወጣት ነሽ፤ ይደርስልሻል።»

ከእሷ ቀጥሎ ደርበው ገባ። ደርበው ማለት ሰርግ ላይ ሙሉ ሰፈር ጨፍሮ ሲደክም እሱ «ገና ምን አየህና!» የሚል ወጠምሻ ነው። የሚኖረው ዛፍ በበዛበት፣ የኖራ ብናኝ በማይደርስበት በባለሥልጣኖቹ ሰፈር ነው። ሳሉን ግን ምን ላድርገው! ከሥር ቀስ ብሎ ጀመረና እየወጣ እየወጣ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አስተነፈሰው፤ በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንዲት እንባ ጣለ። ኮሚቴው አጨበጨበ። አንዱማ «ይደገም!» ብለዋል።

ወንድይፍራው ሲገባ «ይሳሉ» አሉት። ሳለ። ማቆም ግን አልቻለም። ጠረጴዛውን ይዞ ጎበጠ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ተጎለጎለ፤ ውኃ አምጥተው ካስቀመጡት በኋላ እንኳ ይስል ነበር።

«እውነተኛ ነው» አሉ አንዷ አባል በሹክሹክታ።

«እውነተኛ ነው፤ ግን ልከኝነት ይጎድለዋል» አሉ ሊቀ ጆሮው።

እንዲህም ሆኖ የእሱና የደርበው ሳል አለፈ። ቀጣዩ ደረጃ መዳን ነው። ሁለቱ እጩዎች ከኖራ ምድጃው ግርጌ ባለው ማገገሚያ ቤት፣ በአንድ ክፍል ሁለት አልጋ ተሰጣቸውና እፎይ በማንኪያ ይታዘዝላቸው ጀመር። ከዓመታዊው የኮሌጁ በዓል በፊት የዳነ ዲን ይሆናል።

ደርበው ነገሩን አስልቶ ነበር የገባው። «ዛሬ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ ነገ ደግሞ ትንሽ…» እያለ፣ ቶሎ ድኖ እንዳይጠረጠር፣ ዘግይቶም እንዳይቀደም። ምን ዋጋ አለው! ያ ደረት ከተፈጠረ ጀምሮ ኖራ ቀምሶ አያውቅም። ሳምንት እንኳ ሳይደርስ አንድ ማለዳ ብንን ብሎ ሳለ። ሳሉ ዜማ አልነበረውም። እንደ ታነቀ ውሻ ነው የሚጮኸው።

«ይኼ የእኔ አይደለም!» አለ ደርበው ደንግጦ። «ወንድይፍራው፣ በእናትህ፣ የእኔ ሳል እንዲህ ነው እንዴ?»

«አይደለም» አለው ወንድይፍራው በሳል መሃል። «ይኼኛው የእውነት ነው።»

ኮሚቴው ሊያዳምጥ ሲመጣ ደርበው ከአልጋው ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ጌቶቼ፣ ማዶ ስጡኝ! ሞትኩ! ማዶ!» ኮሚቴው በሙሉ ጆሮውን በእጁ ያዘ። የአገር ጠርሙስ በአደባባይ ሲዋረድ መስማት አይቻልም። ደርበውን በዚያው ሰዓት ከውድድሩ አሰናበቱት፤ ቤቱ ሄዶም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ጓዳው ውስጥ ማዶውን ጠጥቶ ዳነ።

ወንድይፍራው ብቻውን ቀረ። እፎይን በየቀኑ በታማኝነት ይጠጣል፤ በየቀኑም ይብስበታል። ጥሩወርቅ ሾርባ ይዛ ስትመጣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ኖራ መስሎ አገኘችው። በዓሉ ደግሞ ደረሰ። ዲን ካልተገኘ በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ዋሸ ማለት ነው፤ ድንጋዩ ከዋሸ ደግሞ አድማጭ ኮሚቴ ምን ያዳምጣል?

ከሰዓት በኋላ ሊቀ ጆሮ በለጠ በሩን አንኳኩተው ገቡ። በጋቢያቸው ሥር ጠርሙስ ይዘዋል።

«መምህር፣ ሳሉ እንዴት ዋለ?»

ወንድይፍራው ሊመልስ አልቻለም። ይስላል።

«ይኼኛው እፎይ ለየት ያለ ነው» ብለው ቡሹን ነቀሉት። ያ መራራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ወንድይፍራው ሽታውን ሲያገኘው የሞተ መምህሩን በር ላይ ያየ ያህል ክው አለ።

«ይኼ እኮ ማዶ ነው!»

«ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል?»

«እፎይ።»

«ማንበብስ ይችላሉ» አሉ ሊቀ ጆሮው። «እንግዲህ ይጠጡ።»

«ከእኔ በፊት የነበሩትም…?»

«ከሦስተኛው ዲን ጀምሮ ሁሉም። ያረፉት ሰውዬም እንዲሁ። ለእሳቸው ግን አልነገርናቸውም፤ በእፎይ የዳኑ መስሏቸው የምር አመኑበት። እስከ መጨረሻው ጠጡት። አፈሩን ያቅልልላቸው፤ ቀና ሰው ነበሩ። ለእርስዎ የምንነግርዎ ስለምናከብርዎ ነው።»

ጠርሙሱን ትተው ወጡ። ጥግ ላይ ሆና ሁሉን የሰማችው ጥሩወርቅ መጥታ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ጠጣው» አለችው። «ጠጣውና ተርፈህ ቤትህ ግባ። ዲንነቱን ግን ተወው።»

«ከተውኩትማ ምኑን ታመምኩት?»

«እሺ፣ ተሾምክ። እበዓሉ ላይ ቆመህ "በእፎይ ዳንኩ" ልትል ነው አይደል? ያን ካልክ በኋላ እፎይን ምን ብለህ ትለውጠዋለህ? እስቲ ንገረኝ!»

«አንዴ ወንበሩ ላይ ልውጣ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ…» አላትና ሳሉ አቋረጠው።

ይህችን ቃል ስንቱ ሰው ከወንበር ሥር ቆሞ ብሏታል መሰላችሁ! ወንድይፍራው ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠርሙሱን አንሥቶ ጠጣ። ምሬቱ እስከ ጆሮው ድረስ ተሰማው፤ ደስም አለው፣ አለቀሰም።

በበዓሉ ቀን ቆሞ ሲሄድ ያየው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ሊቀ ጆሮው በሕዝብ ፊት ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጥፈው አዳመጡና «ጸጥታ» ብለው አወጁ። ከዚያ ወንድይፍራው ከድንጋዩ ሥር ቆመ። አንዲት አፍታ ዓይኑ ጥሩወርቅን ፈለገ፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር።

«በእፎይ ዳንኩ» አለ።

እልልታው ኮረብታውን አናጋው። በዚያው ሳምንት ፎቶግራፉ በእያንዳንዱ የእፎይ ጠርሙስ ላይ ተለጠፈ፤ ቅንድቡ ነጭ፣ ፈገግታው ሰፊ፣ ከሥሩም «እኔ ምስክር ነኝ» የሚል ጽሑፍ። ሽያጩ ከእጥፍ በላይ ሆነ አሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ዲን ወንድይፍራው የገደል ሥሩን ከጠረጴዛው አስቀመጠ። ዶክተር ሶስና ትታው የሄደችው ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሥር ወደ እፎይ ይመለሳል» አለ። ለዚህች ቀን ነው ሊሞት የደረሰው።

ሊቀ ጆሮው ተነሡ። «ክቡር ዲን፣ የሚሠራ መድኃኒት ለምን ይነካል?»

«አይሠራም!»

«ታዲያ ክቡርነትዎ በምን ዳኑ?»

ስብሰባው በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። ፌዝ አልነበረበትም፤ የምር ሊሰሙት ነው። ወንድይፍራው አፉን ከፈተ። «በማዶ» ካለ ዲን አይደለም፤ ዲን ካልሆነ መፈረም አይችልም። «በእፎይ» ካለ የሚፈርምበት ምክንያት የለም። አፉ ተከፍቶ ትንሽ ቆየና፣ ተዘጋ።

«ዝምታቸውን አድምጠናል» አሉ ሊቀ ጆሮው፣ በሙያቸው። «አንዲት ጉዳይ ብቻ ትቀራለች። በክቡር ዲን መዳን የተሰማንን ደስታ ለመግለጽ በእፎይ ላይ ትንሽ ስኳር ብንጨምርስ?»

ሁሉም እጁን አወጣ። ብዕር አቀበሉት። አንድ ፊርማ ናት። ፈረመ። ገደሉ አፋፍ ላይ የበቀለውን ሥር ግን ጽዳቶቹ ማታ ከጠረጴዛው ላይ ጠርገው ጣሉት።

ከዚያ ወዲህ ወንድይፍራው ጤነኛ ሰው ነው። በየገበያው ቀን አደባባይ ወጥቶ አንድ ማንኪያ እፎይ ሕዝብ እያየው ይውጣል፤ ቤቱ ሲገባ ጥሩወርቅ ማዶውን በእፎይ ጠርሙስ ታቀርብለታለች። ስታቀርብለት ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ስለ ነገሩ አንድም ቀን አንሥታበት አታውቅም። ብትነዘንዘው ይሻለው ነበር።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከደጁ ሲወጣ ጎረቤቱን ስንቅነሽን አገኛት። የኖራ አቃጣዩ የአንዷለም ሚስት ናት፤ አጥር ነው የሚለያቸው። በእቅፏ አራት የእፎይ ጠርሙስ ይዛለች። አራት የወንድይፍራው ፈገግታ ከእቅፏ ውስጥ አየው።

«ሳሉ እንዴት አደረ ጋሼ?… ውይ ይቅርታ! እርስዎማ ድነዋል» ብላ ሳቀች።

«አንዷለም እንዴት ነው?»

«ጠንቶበታል ጋሼ። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። ግን አይዞህ ብዬዋለሁ። ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ያመጣልን የነበረውን መራራ ነገር አስተውኩትና በእርስዎው ጀመርንለት። የሚያውቁት ሰው ሲድን አይተው እንዴት የባዕድ ይጠጣል?»

ወንድይፍራው ግራና ቀኝ ተመለከተ፤ ማንም የለም። ተጠግቶ በለሆሳስ «ስንቅነሽ» አላት፣ «ስሚኝ። ይኼን ጣይው። ስኳር ነው። የወንድምሽን ስጪው፤ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ! እኔም የዳንኩት በእሱ ነው።»

ስንቅነሽ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። አንዴ እሱን፣ አንዴ ጠርሙሱ ላይ ያለውን እሱን አየች። ሁለቱን ስታስተያይ ቆየች።

«ለእርስዎ ሲሆን ጥሩ ነበር» አለች። «ለኖራ አቃጣይ ሲሆን ስኳር ሆነ?»

«በልጄ ሞት… ልጅስ የለኝም፤ በጥሩወርቅ ሞት እውነቴን ነው!»

«በዓሉ ላይስ ሲናገሩ? እዚያ ቆሜ እልል ያልኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ወንድይፍራውን እፍረቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አቃጠለው፤ በኖራ ምድጃ ጥግ ተወልዶ እንዲህ ያለ ትኩሳት አያውቅም።

«ጋሼ» አለችው ስንቅነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስታዝንለት። «ይኼን ሳይድኑ በፊት ቢነግሩኝ ኖሮ አምንዎት ነበር።»

የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ከአንደኛው ጠርሙስ ላይ፣ ከፎቶው፣ የኖራውን ብናኝ ጠረገችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችውና በሯን ገፍታ ገባች።

ብዙ ሳይቆይ ከአጥሩ ወዲያ የማንኪያ ድምፅ ተሰማ። ከማንኪያው ቀጥሎ አንዷለም ሳለ፤ ረጅም ሳል ነበር። ወንድይፍራው እደጁ ቆሞ እስኪያበቃ ጠበቀ። እሱ አልሳለም። ደኅና ነበር።